በቅሎዋ የምትፈራውን ሞተሩ አይፈራም



ዋግ ልጁን በጊዜ የሚያምን አገር ነው። ሰባት ዓመት የሞላው ሕፃን ፍየል ይጠብቃል፤ ያውም ከገደል ገደል የምትዘልለውን የአበርገሌ ፍየል። ዐሥር ሲሞላው አህያ ነድቶ ውኃ ይወርዳል። ትንሽ ቆይቶ የአባቱን በቅሎ ከገበያ እየሳበ፣ ሰው በማያየው ቦታ ደግሞ እየተፈናጠጠ ይመለሳል። ሰቆጣ ለአሞሌ ጨው ንግድ ስመ ጥር ገበያ በነበረችበት ዘመን፣ ሲራራ ነጋዴው አጋሰሱን እየነዳ ዳገቱን ሲወጣ፣ ሙያው የሚለመደው እዚያው መንገድ ላይ ነበር። ልጅ ከከብት ጋር መዋሉ፣ ከጭነት ኋላ መጓዙ እዚህ አገር ለወሬ የሚበቃ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

ስለዚህ አንድ አባት ለ14 ዓመት ልጁ የሞተር ሳይክል ቁልፍ ሲሰጥ አዲስ ነገር ያደረገ አይመስለውም። አባቱ ለእሱ በቅሎ አምኖ እንደሰጠው እሱም ለልጁ ሞተር አምኖ ሰጠ። ጎረቤትም «ጎበዝ ልጅ ወጣለት» ይላል። የዛሬው ዲስኩር የሚሞግተው ይህን ግምት ነው፤ አባትየውን ለመክሰስ ሳይሆን የሰጠው ዕቃ ምን እንደሆነ ለመመርመር።

በሌላው ዓለም ልጅ ሞተር ይንዳ አይንዳ የሚለው ክርክር የሚጦፈው በባለ አራት ጎማ ሞተር ላይ ነው፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤቲቪ ይሉታል። ጎማው ወፍራምና ልል ነው፤ መሪው በሁለት እጅ የሚያዝ የሞተር ሳይክል መሪ ነው፤ ነጂው ተፈናጥጦ ይቀመጥበታል። ለአስፋልት አልተሠራም፤ ስፍራው ጭቃ፣ አሸዋና ድንጋያማ ሜዳ ነው። የጃፓኑ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1970 ለአሜሪካ ገበያ ያቀረበው ቀዳሚው ዓይነት እንዲያውም ሦስት ጎማ ብቻ ነበረው። ለመዝናኛ ተብሎ ተሸጠ፤ ገበሬው ለእርሻ ሥራ ወደደው፤ ከገበሬው እጅ ወደ ልጁ እጅ ለመሻገርም ብዙ ዓመት አልፈጀበትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን መዝግቦ አስቀምጦታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሰበሩና የሞቱ ልጆች ቁጥር ሲበዛ መንግሥት አምራቾቹን ፍርድ ቤት አቆመ። እ.ኤ.አ. በ1988 በተደረሰው ስምምነት ባለ ሦስት ጎማው ከአዲስ ሽያጭ ወጣ፤ ከ90 ሲሲ በላይ የሆነው ባለ አራት ጎማም 16 ዓመት ላልሞላው ልጅ መጠቀሚያ እንዳይሸጥ ተወሰነ። ስምምነቱ የሻጩን እጅ አሰረ፤ የአባትን እጅ ግን ማሰር አልቻለም። ሻጩ «ለልጅ ነው እንዴ?» ቢል አባት «ለራሴ ነው» ብሎ ይገዛል፤ ማታ ልጁ ይነዳዋል። እ.ኤ.አ. ከ1982 ወዲህ በእነዚህ ተሽከርካሪዎች የሞቱት፣ ዕድሜያቸው ከ16 በታች የሆነ የአሜሪካ ልጆች ከ3,000 በላይ ናቸው። የአገሪቱ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ምክሩ አጭር ነው፤ 16 ዓመት ያልሞላው አይንዳ። የካናዳ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርም ይህንኑ ይላል።

የማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት ከምክር አልፎ ሕግ አወጣ። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2006 በባለ አራት ጎማ አደጋ የሞተ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ ወላጆቹ ሌላ ቤት እንዳያለቅስ ብለው ለሕግ ሙግት ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው ሕግ፣ በቅርብ ክትትል ከሚደረግ ውድድርና ልምምድ በስተቀር፣ 14 ዓመት ያልሞላው ልጅ እንዳይነዳ ከለከለ። ከሕጉ በፊትና በኋላ ያለው የሆስፒታል መዝገብ ሲነጻጸር፣ ከ10 እስከ 13 ዓመት ካሉት ልጆች መካከል በዚህ ምክንያት ለድንገተኛ ሕክምና የሚመጡት በግማሽ ገደማ ቀንሰው ተገኙ። «ሕግ ወረቀት ነው» ለሚል ሰው ይህ ቁጥር መልስ ይሆነዋል።

አውስትራሊያ ደግሞ ፊቷን ወደ ማሽኑ አዞረች። በእርሻዎቿ ላይ በባለ አራት ጎማ ሞተር ከሞቱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ማሽኑ ተገልብጦባቸው ነው የሞቱት። እነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ ከ200 እስከ 350 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ደረት ላይ ሲያርፉ ትንፋሽ ያሳጣሉ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ሲገለበጥ ሰው እንዳይጨፈልቅ የሚከላከል ብረት ያልተገጠመለት አዲስ የእርሻ ባለ አራት ጎማ እንዳይሸጥ ተከለከለ። ሆንዳና ያማሃ ብረቱን ከመግጠም ገበያውን መልቀቅ መረጡ። የነጋዴን ጠባይ ለማወቅ ይህ ይበቃል።

ይህን የሚሰማ የሰቆጣ ሰው «ይህስ የጠገበ አገር ጣጣ ነው፤ ዋግ ውስጥ ባለ አራት ጎማ ሞተር ያለው ማን ነው?» ቢል ትክክል ነው። በኢትዮጵያ ማሽኑ ብርቅ ነው። ጥያቄው ግን በሌላ ስም የዋግን ደጃፍ ካንኳኳ ቆይቷል። ከሕንድ የመጡት ባጃጅና ሞተር ሳይክል ኮረኮንቹንም ዳገቱንም አልናቁም፤ ኤቲቪ በሌላው አገር በሜዳና በጫካ የሚሠራውን እነሱ እዚህ ተሳፋሪና ጭነት ይዘው ይሠሩታል። በኢትዮጵያ ትንንሽ ከተሞች ጢም ያላወጣ ልጅ ባጃጅ ሲነዳ ማየት ማንንም አያስደንቅም። ጠዋት ባለ መንጃ ፈቃዱ ይነዳል፤ ቀትር ላይ ምሳ ሊበላ ሲወርድ ታናሽ ወንድሙ ይረከበዋል፤ ማታ ትራፊክ ፖሊሱ ከመንገድ ሲወጣ ደግሞ ሌላው ይለማመድበታል። ባለንብረቱ የቀን ገቢው እስከደረሰው ድረስ መሪውን ማን እንደያዘ አይጠይቅም።

ባጃጅን አሜሪካ ከገበያ ካስወጣችው ባለ ሦስት ጎማ ጋር አንድ ማድረግ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ባጃጅ ለከተማ መንገድ የተሠራ ነው፤ ጣሪያ አለው፤ ያን ያህልም አይሮጥም። አቋቋሙ ግን አንድ ነው። ሦስቱ ጎማዎች መሬት ላይ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ከፊት ያለው አንድ ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ መሪው በድንገት ሲጠመዘዝ፣ በተለይ ፍሬን እንደተያዘ ከሆነ፣ የተሽከርካሪውና የተሳፋሪው ክብደት በአንድነት ወደ ፊትና ወደ ውጭ ይሸሻል። ክብደቱ በሸሸበት ጥግ ላይ ደግሞ የሚደግፈው ጎማ የለም። ይጋደማል። ልምድ ያለው ሹፌር ከመጠምዘዙ በፊት ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ልጅ ከተጠማዘዘ በኋላ ፍሬን ይይዛል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለቱን መልቀቅ የሚባለው ጥበብም አለ። ያን ጊዜ ሞተሩ ይዞት የነበረው ክብደት ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም።

አሁን ወደ በቅሎዋ እንምጣ።

በቅሎ ገደል አፍ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። የተቀመጠባት ልጅ ቢጎስማትም፣ ቢለፈልፍባትም ትቆማለች። ለልጁ አዝና አይደለም፤ ለራሷ ነፍስ ብላ ነው። ሲመሽ መንገዱን ታውቀዋለች፤ ልጁ እላይዋ ላይ እንቅልፍ ቢወስደው ወደ ቤት ታዘግማለች። ከአቅሟ በላይ የተጫነች አህያ መንገድ ላይ ትተኛለች፤ ልጁ ጭነቱን እንዲቀንስ የሚያስገድደውም የእሷ መተኛት ነው። ፍየሏ እንኳ ጠባቂዋ ቢዘናጋ የቀበሮ ሽታ ሲደርሳት ትጮኻለች። የዋግ አባቶች ለልጃቸው ከብት በሰጡ ጊዜ ሁሉ፣ ልብ ሳይሉት፣ አንድ ተጨማሪ አእምሮ አብረው ሰጥተውታል። ያ አእምሮ ይፈራል፣ ይደክማል፣ እምቢ ይላል። ልጁ የሚሳሳተውን ግማሹን እሱ ያርመዋል።

ሞተር አይፈራም። ነዳጅ ከተሰጠው ገደሉንም ቢሆን ይገባበታል። የ14 ዓመት ልጅ ሞተር ላይ ሲወጣ የራሱን ድርሻ ብቻ ሳይሆን የበቅሎዋንም ድርሻ ተሸክሞ ነው የሚወጣው፤ ፍርሃቱንም፣ ጥንቃቄውንም፣ እምቢታውንም እሱው ብቻውን ማዋጣት አለበት። አባትየው «እኔ በእሱ ዕድሜ በቅሎ እጋልብ ነበር» ሲል እውነቱን ነው፤ ግን ያን ጊዜ የሚያስቡት ሁለት ነበሩ።

እርግጥ እንስሳ ሁልጊዜ ያድናል ማለት አይደለም፤ ከበስተጀርባው ያለው ሰው ስግብግብ ከሆነ እንስሳውም ማሽን ይሆናል። በዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ለግመል እሽቅድምድም ክብደታቸው እንዲቀልል ተብሎ ትንንሽ ልጆች፣ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽ፣ ከሱዳን እየመጡ፣ ለዓመታት ሲጋልቡ ኖረዋል። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ 18 ዓመት ያልሞላውን ጋላቢ በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ዛሬ ግመሎቹ ላይ የሚቀመጠው አለንጋ የያዘ ትንሽ ሮቦት ነው። በአንጻሩ የዋጎቹ ዘመዶች፣ የአዊ አገዎች፣ በ1932 ዓ.ም በተመሠረተው የፈረሰኞች ማኅበራቸው ግልቢያን ከነሥርዓቱ ጠብቀው ኖረዋል፤ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚታየው የፈረስ ትርኢት ታናናሾች ከታላላቆች የሚማሩበት ነው። ልጅና ፈረስ መገናኘታቸው ችግር የለውም። ችግሩ ማን አብሯቸው እንዳለ ነው።

ደግሞ የልጅ ዓይን አለ። በለንደን የሮያል ሆሎዌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ፈትነው እንዳገኙት፣ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ የሚመጣን መኪና ፍጥነት በትክክል መገመት አይችልም። ቀልብ ስለሌለው አይደለም፤ የማየት ችሎታው ገና ስላልበሰለ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። መሪውን የያዘው ልጅ «ምን ላድርግ?» ብሎ እስኪወስን ድረስ ባጃጁ ከአንድ ሱቅ በር እስከ ሦስተኛው ሱቅ በር ደርሷል ማለት ነው፤ በመካከሉ ውኃ የቀዳች ሴት አለች፣ አህያ አለ፣ ኳስ የምትከተል ሕፃን አለች።

እዚህ ላይ ሰቆጣን የሚመለከት፣ ሌላው ዓለም የማያነሣው ነገር አለ። አሜሪካኖቹ ለልጆች የሚሠሩትን ማሽን በዕድሜ ከፍለውታል፤ ለስድስት ዓመት፣ ለዐሥር፣ ለዐሥራ ሁለት፣ ለዐሥራ አራት እያሉ። ዕድሜ ሲሉ ግን በልባቸው የያዙት በደንብ የበላ ልጅ ቁመትና ክብደት ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2007 ዓ.ም ያወጀውና ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት የታለመው ሰነድ የሰቆጣ ቃል ኪዳን መባሉን እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። ያን ስም ያገኘንበት ምክንያት ረሃብ ነው። በድርቅ ዓመት የተወለደ፣ አሁን 14 የሞላው የዝቋላ ወይም የሳህላ ልጅ፣ እግሩ ከሞተሩ ላይ ሆኖ መሬት ላይደርስ ይችላል። የወደቀን ሞተር ብቻውን አያነሣም፤ የትልቅ ሰው ሄልሜትም ራሱ ላይ ይሽከረከራል። በሌላ አገር 16 የተባለው ለእኛ ልጅ ዝቅተኛው ልክ ነው ማለት ይቻላል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ለአንድ ወገን ያደላ ነው፤ ሌላው ወገን ደግሞ ቀላል አይደለም። በአሜሪካ ልጅ የሚነዳው ለደስታ ነው፤ ሲበዛ ደግሞ የአባቱን እርሻ ለማገዝ ነው። ሰቆጣ ላይ የሚነዳው ልጅ ለእንጀራ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ከቀዬው የተፈናቀለ ቤተሰብ አለ፤ የ2015 እና የ2016 ዓ.ም ድርቅ ቆላውን ሲመታው ከብቱ ያለቀበት አለ፤ አባት የሌለው ቤት አለ። እናት ልጇ ባጃጅ እየነዳ ማታ የሚያመጣውን ብር ስትቀበል ልቧ ፈርቶ እጇ ይዘረጋል። እሷን «ልጅሽን ለአደጋ ሰጠሽው» ማለት ከመድረክ ላይ ቀላል ነው። ልጁም ቢሆን ኩራት አለው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ያጣውን ክብር መሪ ላይ ሲቀመጥ አግኝቶታል፤ ሰው «ሹፌር» ብሎ ይጠራዋል።

ከሁሉ የከበደው ክርክር ደግሞ የሌሊቱ ነው። ከከተማ በራቀ ቀበሌ ምጥ የያዛት ሴት አለች እንበል፤ አምቡላንስ አይደርስም፤ በመንደሩ ያለችው አንዲት ሞተር ናት፣ ነጂዋም የ15 ዓመት ልጅ ነው። በዚያች ሌሊት ማንም የሕግ አንቀጽ አይጠቅስም፤ መጥቀስም አይገባውም። ይነሣ፣ ያድርሳት። ነገር ግን ያች ሌሊት ለዓመቱ ቀናት ሁሉ ፈቃድ ልትሆን አትችልም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ደግሞ ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ ሰው ያዳነ ልጅ በማግስቱ የመንደሩ ቋሚ ሹፌር ሆኖ ይቀራል፤ ቡና ይጭናል፣ ሦስት ሰው ያፈናጥጣል፣ ለሠርግ ይጠራል።

ወደ ሕጉ ስንመለስ፣ እንግሊዝ የልጅና የእርሻ ማሽንን ነገር እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው ደንብ ዘግታዋለች። 13 ዓመት ያልሞላው ልጅ የእርሻ ማሽን መንዳት ቀርቶ እላዩ ላይ መሳፈርም አይችልም፤ ማሽኑ የአባቱ፣ መሬቱም የአባቱ ቢሆንም እንኳ። እንግሊዝ ገበሬ የሌላት አገር አይደለችም፤ «ባህላችን ነው» የሚል አባትም አልጠፋባትም። ቆጥራ ነው የወሰነችው።

የኢትዮጵያ ሕግ ከእንግሊዝም ይጠብቃል። በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት 18 ዓመት ያልሞላው ሰው በየትኛውም ምድብ፣ ሞተር ሳይክልም ሆነ ባለ ሦስት እግር፣ መንጃ ፈቃድ አያገኝም፤ ለሕዝብ ማመላለሻ ደግሞ ዕድሜው ከዚያም ይጨምራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለውን ልጅ ጨርሶ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለውን ወጣት ሠራተኛ ደግሞ ከአደገኛ ሥራ ያርቀዋል፤ ሰውና ዕቃ በማጓጓዝ ላይ ያለው ከባድ ሥራም ከተከለከሉት መካከል ስሙ ተጠርቷል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጅን ለጤናውና ለደኅንነቱ ጎጂ ከሆነ ሥራ ይጠብቃል።

ወረቀቱ ሙሉ ነው። የሚጎድለው ወረቀቱ በሰው ኪስ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ መንገር ነው፤ ሰው ከቅጣት አንቀጽ ይልቅ የገዛ ኪሱን ይፈራልና። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ይህን ዋግ ያውቀዋል፣ የሰው ማሳ የበላች ላም ባለቤቷ ይከፍላል። ዐሥር አንቀጽ አልፎ ያለው አንቀጽ 2081 ግን ያን ያህል አይታወቅም። የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆንም። ባለቤቱ የሚያመልጥበት በር ተሽከርካሪው ተሰርቆበት እንደነበር ማስረዳት ነው። «ልጁ ሳላውቅ ቁልፉን ከመስኮት አንሥቶ ወሰደው» የሚል አባት ደግሞ የራሱን ልጅ ሌባ ብሎ ፍርድ ቤት ማቆሙን ይመርጥ እንደሆነ ይታያል። ያም ቢሆን አንቀጽ 2124 አለ፤ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ጥፋት አድርሶ ኃላፊ ሲሆን አባቱ ይከፍላል።

ልጁስ? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን ልጅ በልዩ ሁኔታ ያየዋል። 15 ካለፈ ግን እንደ ትልቅ ሰው ሊዳኝ ይችላል፤ ፍርድ ቤቱ ዕድሜውን ዐይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ከመቻሉ በቀር። ሆን ብሎ ደንብ ጥሶ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ደግሞ በአንቀጽ 543 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። የ16 ዓመቱ «ሹፌር» በአንድ ጠማማ መንገድ ላይ ሊያጣ የሚችለው ይህንን ነው፤ ቁልፉን ሲቀበል ማንም አልነገረውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2016 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዓመቱ በመንገድ አደጋ የሞተው ሰው 27,326 ነው፤ በፖሊስ የተመዘገበው ከ5,000 በታች ነበር። ልዩነቱ ብዙ ነገር ይናገራል። በመንደር መንገድ የተጋደመ ሞተር፣ በሽማግሌ የተፈታ ሞት፣ ቤት ደርሶ ከሳምንት በኋላ ያረፈ ልጅ መዝገብ ላይ አይወጣም። ይኸው ድርጅት በዓለም ላይ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሰው ከየትኛውም በሽታ በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው ይላል። ሰቆጣ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አላት፤ ስብራት ይታከማል፣ ደም ይቆማል። የራስ ቅል ውስጥ ደም የፈሰሰበት ልጅ ግን የአንጎል ቀዶ ሐኪም ወዳለበት መሄድ አለበት፤ አዲስ አበባ ከሰቆጣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እንዲህ ባለ ጉዳት ላይ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። በሞተር ሳይክል አደጋዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ታይቷል። እዚህ ግን ሄልሜት ብዙ ጊዜ የሚታየው ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ወይም ለትራፊክ ፖሊስ ሲባል ብቻ ራስ ላይ ወጥቶ ነው።

እንግዲህ ልጅ ምን ይፈቀድለት? ጋራዥ ገብቶ ሞተር ፈትቶ መግጠም ይማር፤ ፍሬን ለምን እንደሚግል ያወቀ ልጅ 18 ሲሞላው የተሻለ ሹፌር ይሆናል። ብስክሌት ይንዳ። ቤተሰቡ የሚኖረው በባጃጁ ከሆነም ልጁ ገንዘብ ይሰብስብ፣ ይጠብ፣ ይጠግን፤ መሪውን ግን ፈቃድ ያለው ይያዝ። አንድ ቀን ባለ አራት ጎማ ሞተር ለቱሪስት ተብሎ ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ መንገድ ወይም ወደ ተከዜ ዳር ቢመጣ፣ በታጠረ ሜዳ ላይ፣ ለልጅ በተሠራ ትንሽ ማሽን፣ ሄልሜት አድርጎ፣ አንድ ትልቅ ሰው ከአጠገቡ ቆሞ የሚነዳውን ልጅ መከልከል አስፈላጊ አይመስልም። ከዚያ ሜዳ ውጭ ግን አይሁን፤ ሰው አፈናጥጦ ደግሞ በፍጹም።

እነዚህ ነገሮች አዲስ መሥሪያ ቤት አይፈልጉም። የባጃጅ ባለንብረቶች በየማኅበራቸው የተደራጁ ናቸው፤ ማኅበሩ ከሹፌሩ ጋር በሚፈራረመው ውል ላይ የመንጃ ፈቃዱን ቁጥር ያስጽፍ፣ መሪውን ለሌላ አሳልፎ የሰጠ ሹፌር ከተራ እንዲወጣ ይወስን። ትምህርት ቤቶች በወላጆች ስብሰባ ላይ አንቀጽ 2081ን ያንብቡ፤ ከማንኛውም የመንገድ ደኅንነት ፖስተር ይልቅ እሱ ይሰማል። ከሁሉ አስቸኳዩ የሻደይ በዓል ነው። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ሰቆጣ ሴት ልጆቿን ወደ አደባባይ ታወጣለች፤ መንገዱ በከበሮና በዘፈን ይሞላል፤ እንግዳ ይበዛል፤ የባጃጅ ገቢ ከወትሮው ስለሚያይል መንጃ ፈቃድ የሌለው ሁሉ መሪ የሚይዘውም በእነዚያ ቀናት ነው። በዚያ ሰሞን ወደ መጫወቻው የሚወስዱት መንገዶች ለባጃጅና ለሞተር ቢዘጉ፣ ተሳፋሪ የሚወርድበትና የሚሳፈርበት ቦታም ከሕዝቡ ራቅ ብሎ ቢወሰን፣ ጉዳቱ ለጥቂት ቀናት የሚቀንስ ገቢ ብቻ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ የባለንብረቶቹን ሐሳብ መስማት ስለሚሻል፣ ከዚህ በኋላ ያለው ሰዓት ለእነሱ ተትቷል።